ካይዘንን ከፋብሪካ አውጥቶ ክሊኒክ፣ እንጀራ ቤት፣ ሳይትና ቢሮ ላይ መጠቀም

ካይዘን (ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ብዙ ነው፣ አይፈረድበትምም። የፈለጋችሁት መሥሪያ ቤት ግቡ፣ ኮሪደሩ ላይ "5ቱ ማ" ተለጥፏል፣ ማጣራት ማስቀመጥ ማጽዳት ማላመድ ማዝለቅ፣ ፖስተሩን ፀሐይ አንጥቶታል፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፋይል ከመቆለሉ የተነሳ ከኋላው የተቀመጠው ሰው አይታይም። ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ አበሉ ተከፍሏል፣ ሰርተፍኬቱ ፍሬም ገብቶ ተሰቅሏል፣ ባለጉዳዩ ግን ዛሬም "ነገ ተመለስ" ነው የሚባለው።

እኔ ግን ነገሩ ይሠራል ባይ ነኝ። የተጀመረበት ጫፍ ነው ልክ ያልሆነው። በመንግሥት ደረጃ ወደኛ የመጣው በ2008 (በፈረንጆቹ፣ ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ እንደዛው ነው) ዮኮሃማ ላይ ከተደረገው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ወዲህ ነው፣ አቶ መለስ ጃፓኖቹን ጠየቁ፣ የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ መጣ፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባሉ 30 ድርጅቶች ላይ ተሞከረ፣ ከዛ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሙከራው ፋብሪካ ላይ ስለነበር ማኑዋሉም ምሳሌውም ፎቶውም የፋብሪካ ሆነ፣ ከዛ ይሄው ነገር ሆስፒታልና ወረዳ ሲገባ ሰው የወሰደው በዓይን የሚታየውን ነው፣ መጥረግ፣ ቀለም መቀባት፣ መደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍ። ውስጡ ያለው ዋናው ሐሳብ፣ ማለትም ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆም እንዲፈስ ማድረግ፣ በር ላይ ቀረ።

ስለዚህ የትኛውም ዘርፍ ላይ ብትሆኑ መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ ቤት ቆሞ የሚጠብቀው ምንድነው? ልብስ ስፌት ላይ የሚጠብቀው ጨርቅ ነው፣ ክሊኒክ ላይ ሰው ነው፣ ቢሮ ላይ ፋይል ነው፣ ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛው ራሱ ነው፣ እንጀራ ቤት ላይ ደግሞ የጋለ ምጣድ። መልሱ ከዘርፍ ዘርፍ ስለሚለያይ ነው ያንዱን ፋብሪካ መሣሪያ ገልብጦ ሌላው ላይ መለጠፍ የማይሠራው።

ሰባቱን ብክነቶች የሰለጠነ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል፣ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ የዘረዘራቸው ናቸው፣ ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ትርፍ አሠራር፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፣ ብልሽት። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ፣ ኦኖ ከሁሉም የከፋው ከመጠን በላይ ማምረት ነው ይል ነበር ምክንያቱም ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል፣ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ካለ ማሽኑ ቢበላሽም ማንም አይደነግጥም፣ ግማሹ ብልሽት ቢሆንም ሳይታወቅ ወራት ይቆያል።

አሁን ወደ ሥራው።

አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ምረጡና ተከተሉት፣ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ሳይሆን በእግራችሁ። ብዕር፣ ወረቀትና የስልካችሁ ሰዓት በቂ ነው። ክሊኒክ ከሆነ ታካሚ ምረጡ፣ አስፈቅዷትና ከበሩ ጀምሮ መድኃኒቷን ይዛ እስክትወጣ አብራችሁ ሂዱ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ጻፉ፣ የደረሰችበትንና የተስተናገደችበትን። ለምሳሌ ያህል ጠዋት 2 ሰዓት ካርድ ክፍል ደረሰች እንበል፣ 7 ሰዓት ከ10 ላይ ወጣች። ጠቅላላ 310 ደቂቃ። አሁን ሰው እጅ ላይ የነበረችበትንና ናሙናዋ የተመረመረበትን ብቻ ደምሩት፣ ካርድ ማውጣት 3፣ ሙቀትና ግፊት 4፣ ሐኪም 8፣ ክፍያ 2፣ ደም መስጠት 3፣ ናሙናው ማሽን ላይ የቆየበት 25፣ ውጤት ይዞ ሐኪም ጋር መመለስ 6፣ እንደገና ክፍያ 2፣ ፋርማሲ 4። 57 ደቂቃ መጣ። የቀረው 253 ደቂቃ፣ ከ4 ሰዓት በላይ፣ አግዳሚ ላይ ነው ያለቀው።

ይሄን ወረቀት ለአስተዳዳሪው ስታሳዩት መጀመሪያ የሚለው "ሐኪም አንሶን እኮ ነው" ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ወረቀቱን ደግማችሁ እዩት፣ ሐኪሟ በጠቅላላ የፈጀችው 14 ደቂቃ ነው፣ ትልቁ ጥበቃ ያለው ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ባለው መሀል ከሆነ ሌላ ሐኪም ቢቀጠርም አግዳሚው አይለቅም። እዚህ ላይ ነው "ለምን" እያሉ መቆፈር የሚመጣው። ለምን ውጤቱ ዘገየ? ተሠርቶ ትሪ ላይ ተቀምጦ ስለነበረ። ለምን ተቀመጠ? ተላላኪዋ ብዙ ሲጠራቀም አንዴ ስለምትወስደው። ለምን ታጠራቅማለች? ፋርማሲውንም ስቶሩንም የምታመላልሰው እሷው ስለሆነች። ለምን እሷ ብቻ? ውጤት በሌላ መንገድ እንዲሄድ የተወሰነ ነገር ስለሌለ። አያችሁ፣ መጨረሻው አሠራር ላይ አረፈ፣ እዛ ላይ ደግሞ እጃችን ይደርሳል፣ በግድግዳው መሀል ትንሽ መስኮት መክፈት ይቻላል፣ ውጤት በየ20 ደቂቃው ይወሰድ ማለት ይቻላል፣ ድንገተኛ ከሆነ ቀይ ፎልደር ማድረግ ይቻላል። የ"ለምን" መልሳችሁ ሰው ላይ ካቆመ ማለትም "ሰነፍ ስለሆነች" ካላችሁ ገና አልጨረሳችሁም፣ አንድ ለምን ጨምሩ።

ሌላ ክሊኒክ ላይ ሁሌ የሚታይ ነገር፣ ቀጠሮው ሁሉ "ጠዋት 2 ሰዓት" ነው። 60 ሰው እኩል ይመጣል፣ ሐኪሞቹ ተደምረው በሰዓት 20 ሰው ያያሉ፣ የመጨረሻው ሰው 3 ሰዓት ይጠብቃል፣ ሒሳቡ ይሄ ነው፣ የጠባቂው ብዛት ሲካፈል በሰዓት ለሚስተናገደው። ማንም ቢሮጥ፣ ማንም ቢቆጣ አይለወጥም። ቀጠሮውን ግን ለሦስት ከፍላችሁ 20 ሰው በ2 ሰዓት፣ 20 በ3፣ 20 በ4 ብትሉ በዛው ሐኪም፣ በዛው ክፍል፣ የሁሉም ጥበቃ ቢበዛ 1 ሰዓት ይሆናል። "ኧረ የኛ ሰው የ4 ሰዓት ቀጠሮ ብትሰጠውም 1 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው" ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ይመጣል፣ ምክንያቱም ከልምድ ቀድሞ የመጣ እንደሚቀድም ያውቃል። ስለዚህ በመምጣት ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀጠሮ ሰዓት ጥሩ፣ ሳትዛነፉ ከያዛችሁት ወሬው በሰፈሩ ይዳረሳል። ከገጠር ሌሊት ተነስቶ በአውቶብስ የሚመጣውን ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ላይ መድቡት፣ ለመመለሻው መኪና ይድረስበት።

ይሄ ነገር ሆስፒታል ላይ ይሠራል ወይ ለሚል፣ ሲያትል ያላችሁ ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ፣ በ2002 አመራሮቹ ጃፓን ድረስ ሄደው የቶዮታን አሠራር አይተው መጡና ሆስፒታላቸው ላይ ተከሉት። ካመጡት ውስጥ እኔ ትልቁ የምለው ማንም ሠራተኛ፣ ጽዳትም ትሁን፣ ታካሚን የሚጎዳ ነገር ካየች ወዲያው አሳውቃ ማስቆም መቻሏን ነው። ሐሳቡ አሮጌ ነው፣ የቶዮታ ቤተሰብ መኪና ሳይጀምር በ1924 የሠራው የሽመና ማሽን አንድ ድር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር፣ የተበላሸ ጨርቅ ሸምኖ ከመጨረስ ቆሞ ማስተካከል ይሻላል ነው ነገሩ። እኛ ጋ ከባዱ ማሽኑ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። የተመረቀች ገና ዓመት ያልሞላት ነርስ ለሲኒየር ሐኪም "ዶክተር ይቅርታ፣ ይሄ ዶዝ አልበዛም?" ማለት አለባት፣ ያንን ያለች ቀን ምን ይገጥማታል? ሐኪሙ በሰው ፊት "አመሰግናለሁ" ካላት፣ ተሳስታም ቢሆን፣ በነጋታው ሌላዋም ትናገራለች። ካኮረፈ ለዓመታት ማንም አይተነፍስም። ስለዚህ ሆስፒታል ላይ ካይዘን የምትጀምሩ ሰዎች ከመደርደሪያው በፊት ከሲኒየሮቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ይሄን ተነጋገሩ።

እንጀራ ቤት ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፣ በጣም የምወደው ምሳሌ ነው ምክንያቱም ሁሉም ነገር ዓይን ላይ ነው። ጋጋሪዋ ምጣዱን በማሰሻ ታሻሸዋለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል ታዞረዋለች፣ ዓይን ሲያወጣ ትከድናለች፣ ከዛ በሰፌድ ታወጣዋለች። ገንዘቡ ያለው ምጣዱ ላይ ነው፣ መብራቱን የሚበላው እሱ ነው፣ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፣ የጋለ ምጣድ ባዶውን አይቀመጥም። አሁን ቆማችሁ እዩ፣ ጋጋሪዋ የሊጡ ባልዲ ሲያልቅባት ተነስታ ትሄዳለች፣ የወጣውን እንጀራ ራሷ ትደረድራለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ቆጥራ ትሰጣለች፣ ብር ትቀበላለች። አንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ይፈጃል ብንልና ባንድ ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ ለ2 ደቂቃ ብትነሳ 12 ደቂቃ ሄደ፣ 4 እንጀራ ማለት ነው፣ በ8 ሰዓት 32፣ 10 ምጣድ ያለው ቤት ከሆነ 320 እንጀራ በየቀኑ ሳይጋገር ይቀራል፣ መብራቱ ግን ተከፍሎበታል። መፍትሔው አዲስ ምጣድ መግዛት አይደለም፣ አንድ ሰው ሊጥ አቅራቢና ደንበኛ አስተናጋጅ ብቻ አድርጉ፣ ጋጋሪዋ ከቦታዋ አትነሳ፣ ሊጡ በግራ እጇ በኩል ሰፌዱ በቀኟ፣ ሳትዞር የምትደርስበት ቦታ ይሁን። ወገቧም ያመሰግናችኋል።

እንጀራ ላይ ያለው ሁለተኛ ጉዳይ የማደር ነገር ነው። ብዙ ቤት ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ "ባዶ ከምንቀመጥ" ብሎ ለነገ ይጋግራል፣ ይደርቃል፣ ደንበኛ ይመልሰዋል፣ ያ ነው ከመጠን በላይ ማምረት የሚባለው። ኦኖ በ1956 አሜሪካ ሄዶ ሱፐርማርኬት ሲያይ ልቡን የሳበው ደንበኛ ያነሳው ብቻ ሲተካ ነው። እኛም እኮ ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ካልመለስክ ሙሉ ሳጥን አይሰጥህም፣ ባዶው ሳጥን ራሱ ትዕዛዝ ነው። እንደዛው ለምታቀርቡላቸው ምግብ ቤቶች ሁለት ሁለት መያዣ ስጧቸው፣ አንዱ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ያንን ብቻ ሙሉ፣ ባዶ ካልመጣ አትጋግሩ። ሊጡ ግን እንደዛ አይሆንም፣ ለመቡካት ቀናት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሊጡን በግምት፣ መጋገሩን በትዕዛዝ አድርጉት። ግምቱ ላይ ደብተር ያዙ፣ በየትኛው ቀን ስንት ወጣ፣ ጥር ላይ ሰርግ ሲበዛ ስንት ወጣ፣ ከፋሲካ በኋላስ፣ አንድ ዓመት ከጻፋችሁ የሚቀጥለውን ዓመት መገመት ቀላል ነው።

ልብስ ስፌት ላይ ያላችሁ፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሌላም ቦታ፣ ይሄን ሁሉ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ የስታይል ለውጥ። ከአንድ ስታይል፣ ማለትም ከአንድ የልብስ ዓይነት፣ ወደ ሌላ ሲቀየር የስፌት መስመሩ (ላይኑ) ግማሽ ቀን ይተኛል፣ ሁሉም እንደ ተፈጥሮ ነገር ተቀብሎታል። ሺጌዎ ሺንጎ የሚባለው ጃፓናዊ ኢንጂነር ቶዮታ ላይ ባለ 1000 ቶን የብረት መጫኛ ማሽን (ፕሬስ) ላይ ዳዩን፣ ማለትም የቅርጽ ማውጫውን፣ ለመቀየር 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ወደ 3 ደቂቃ ያወረደው ሥራውን ለሁለት ከፍሎ ነው፣ ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራና ማሽኑ እየሠራ ቀድሞ ሊዘጋጅ የሚችል። ክሩ፣ መርፌው፣ ፉቱ፣ የመጀመሪያው ሳምፕል፣ የኦፕሬተሮቹ አቀማመጥ፣ ይሄ ሁሉ የድሮው ስታይል እያለቀ እያለ መዘጋጀት ይችላል። ያው ዘዴ ቀዶ ጥገና ክፍል ላይም ይሠራል፣ ካፌ ላይም፣ ማተሚያ ቤት ላይም። አንድ ጊዜ ለውጡን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ሰው ስንቴ መቀስ ፍለጋ እንደሄደ ስታዩ ትስቃላችሁ።

ኮንስትራክሽን ትንሽ ያስቸግራል ምክንያቱም "ምርቱ" ቆሞ ሠራተኛው ነው የሚዞረው። ሳይት ላይ ጠዋት የሚታየውን ታውቁታላችሁ፣ 15 የቀን ሠራተኛ ተቀምጧል፣ አርማታ ሊሞላ ነው፣ ብረት አሳሪው (ፌራዮው) አልጨረሰም፣ ወይ ሽቦ አልመጣም፣ ወይ ሱፐርቫይዘሩ ቼክ ሳያደርግ ሄዷል። እዚህ የሚሠራው ግሌን ባላርድ የሚባል ሰው በ1990ዎቹ ያዳበረው ላስት ፕላነር የሚባል ዘዴ ነው፣ ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፎርማኖቹንና ሰብ ኮንትራክተሮቹን ሳምንት አንዴ ሰብስቡ፣ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚጨርስ በአፉ ቃል ይግባ፣ ግን ቃል ከመግባቱ በፊት ሥራው ዝግጁ መሆኑ ይጣራ፣ ማቴሪያል አለ? ድሮዊንግ አለ? ከሱ በፊት የሚሠራው ጨርሷል? አንዱ ከሌለ ቃል አይገባም። በሳምንቱ መጨረሻ ከተገባው ቃል ስንቱ ተፈጸመ ብላችሁ በፐርሰንት አስሉ፣ ላልተፈጸመው ምክንያቱን አንድ ቃል ጻፉ፣ ሲሚንቶ፣ መብራት፣ ዝናብ፣ ቼክ። ጥቂት ሳምንት ስትይዙት አንዱ ምክንያት ከሌሎቹ በላይ ጎልቶ ይወጣል፣ መጀመሪያ እሱን ግደሉት። ተጠንቀቁ ደግሞ፣ ፐርሰንቱን ሰው መቅጫ ያደረጋችሁት ቀን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቃል እየገባ 100 ፐርሰንት ያመጣላችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ስቶክ አንድ ክርክር አለኝ። ማኑዋሉ "ክምችት ብክነት ነው" ይላል፣ በቃ። እኛ ጋ ግን ሲሚንቶ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ስፔር ፓርት በዶላር ነው ዶላሩ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም፣ እንግዲህ ባዶ መጋዘን ይዞ "ጀስት ኢን ታይም ነን"፣ ዕቃ የምናስመጣው በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ ነው፣ የሚል ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው። ቶዮታ ራሱ ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አቅራቢዎቹን ቺፕ የወራት ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። ስለዚህ ለዩ፣ ሲጠፋ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የሚያስቆመውና ለማግኘት የሚያስቸግረው ዕቃ ይከማች፣ በማንኛውም ቀን መርካቶ ወርዳችሁ የምታገኙት ደግሞ አይከማች። ሲሚንቶ ሲከማችም በገባበት ቀን ተራ ይውጣ፣ ቀኑን ከረጢቱ ላይ በማርከር ጻፉበት፣ ከኋላ የቀረው ከረጢት ወራት ቆይቶ ጉልበቱን ያጣል፣ ከዛ በውድ የገዛችሁት ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ቢሮ። ፋይሉን ሁኑና ዙሩ። መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ወደ ኃላፊ ተመራ፣ ኃላፊው "ለሚመለከተው" ብሎ መራው፣ ባለሙያው ጋ አደረ፣ አስተያየት ጽፎ መለሰው፣ ቲተርና ማህተም ሌላ ክፍል ነው፣ ቁልፉን የያዘችው ምሳ ወጥታለች። እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ "ይሄ ፊርማ ባይኖር ምን ይበላሻል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ "ድሮም እንዲህ ነበር" ከሆነ ያ ፊርማ ይውጣ ወይ በውክልና ይሁን። ኃላፊው ስብሰባ ሲሆን የሚፈርም ሰው በስም ይታወቅ። ግን ከፊርማውም በላይ ቢሮ ላይ ትልቁ ብክነት ሰው ጎዶሎ ይዞ መመለሱ ነው፣ ፎቶ ረስቶ፣ ኮፒ ሳያመጣ፣ የታደሰ መታወቂያ የለውም ተብሎ። ለአንድ ሳምንት በር ላይ ቁጠሩ፣ ከመጣው ሰው ስንቱ በመጀመሪያ ቀኑ ጨርሶ ሄደ? ቁጥሩ ያስደነግጣችኋል። ከዛ በሩ ላይ ሙሉ ዝርዝሩን በትልቁ ለጥፉ፣ የተሞላ ፎርም ናሙና አስቀምጡ፣ ወረፋ ከመያዙ በፊት ሰነዱን የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ሦስት ሰዓት ተሰልፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ "ኮፒ ያስፈልጋል" ከሚባል ሲገባ ይነገረው። "ሲስተም የለም" ለሚባለው ቀን ደግሞ የወረቀት ፎርም ይዘጋጅ፣ ሰውየው ሞልቶ ፈርሞ ይሂድ፣ ሲስተሙ ሲመጣ እናንተ አስገቡለት።

ሶፍትዌር ላይ ያላችሁ ልጆች ካንባን ቦርድ፣ ማለትም ሥራው የት እንደደረሰ በዓምድ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ትጠቀማላችሁ፣ ግን አብዛኛው ቦርድ "እየተሠራ" የሚለው ዓምድ ላይ 30 ትኬት (30 ሥራ) አለው፣ አራት ሰው 30 ነገር እየሠራ ነው ማለት አንዱም አያልቅም ማለት ነው። ዓምዱ ላይ ጣሪያ አድርጉ፣ ከሞላ አዲስ አይጀመርም፣ የተጀመረው እንዲያልቅ ይተጋገዛል። ሌላው ጨዋታ ነው።

እሺ፣ ችግሩን አገኛችሁ፣ ሐሳብ መጣ፣ አሁን ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። አንድ ክፍል፣ አንድ ፈረቃ፣ አንድ ሳምንት። ከመጀመራችሁ በፊት "ይሄን ብናደርግ ጥበቃው ከ40 ደቂቃ ወደ 20 ይወርዳል" ብላችሁ ጻፉ፣ ከሳምንቱ በኋላ ለኩት፣ ከወረደ አዲሱን አሠራር አንድ ገጽ ላይ በፎቶ አድርጉና ሥራው የሚሠራበት ቦታ ላይ ስቀሉት፣ ካልወረደ ወደ ድሮው ተመለሱና ለምን እንዳልሠራ ጠይቁ። ቀድሞ ያልተጻፈ ግምት ሁሌ "ተሳክቷል" ነው የሚባለው፣ ሪፖርት ላይ ያልተሳካ ፕሮጀክት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

5ቱ ማ የሚገባው አሁን ነው። ምን እንደሚፈስና የት እንደሚቆም ካወቃችሁ በኋላ ማጣራትና ማስቀመጥ ትርጉም ያገኛል፣ የላቦራቶሪው ትሪ የት መቀመጥ እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ ጋራዥ ከሆነ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን መፍቻ ቅርጽ ስላችሁ ቁጥር 13 መፍቻ ከቦታው ሲጠፋ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ይታያል። ቦርድ ስቀሉ፣ ግን ተሠርቶ የመጣ ባነር አትስቀሉ፣ በእጅ የሚጻፍበት ሰሌዳ ይሁን፣ ዛሬ ስንት፣ ትናንት ስንት፣ ምን አስቸገረ፣ ማን ምን ሊያደርግ። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማችሁ አሥር ደቂቃ ተነጋገሩ፣ ወንበር አታምጡ፣ ወንበር ከመጣ ስብሰባ ሆነ።

የመጨረሻው ነገር ሰው ነው፣ ብዙ ቦታ የሚሞተው እዚህ ጋ ስለሆነ በደንብ ላስረዳው። ሠራተኞቹ ሐሳብ አመጡ፣ በአምስት ሰው ይሠራ የነበረው በአራት ተቻለ። አምስተኛዋን ካሰናበታችኋት ያ ቤት ውስጥ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሐሳብ አይሰጥም፣ ሞኝ የለም። ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ "በዚህ ምክንያት ማንም ከሥራ አይወጣም" ይባል፣ የተረፈችውን ሌላ ቦታ አስተምሯት፣ ምናልባትም ቀጣዩን ማሻሻያ እንድትመራ አድርጉ፣ ሥራውን ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ባለቤቱ ወይ ሥራ አስኪያጁ ይሄን ቃል መግባት ካልቻለ ባትጀምሩት ይሻላል።

ቶዮታ የሠራተኛ ሐሳብ መቀበያ አሠራር የጀመረው በ1951 ነው፣ እስከ ዛሬ የቆየው ሐሳብ የሰጠ ሰው መልስ ስለሚያገኝ ነው። እኛ ጋ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ግን አይታወቅም። ሳጥኑን አውልቁትና ሐሳቡ ሰሌዳው ላይ በስም ይጻፍ፣ የቅርብ አለቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ይስጥበት፣ "እሺ" ከሆነ መቼ እንደሚሠራ፣ "አይሆንም" ከሆነ ለምን። ከተቻለ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ራሱ ይሥራው፣ ጊዜ ስጡት፣ ትንሽ ብርም ከሆነ ወጪውን ሸፍኑለት፣ ሽልማት ካለ ደግሞ የዓመት በዓል እስኪደርስ አይጠበቅ፣ በዛው ሳምንት ሰው ፊት ይሰጠው።